እትዬ ንቀሉና የማይነሣው ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ ሰኞ ጠዋት አልነሣም አለ። ማክሰኞም አልነሣም አለ። ረቡዕ ጠዋት እትዬ ንቀሉ የማተሚያ ክፍሉን ከፍታ፣ ቦርሳዋን ምስማሩ ላይ ሰቅላ፣ ሶኬቱን ሰክታ ቁልፉን ስትጫነው፣ ማራገቢያው ትንሽ አጉረመረመና ስክሪኑ ላይ ያቺው ክፉ ነጭ መስመር ብቅ አለች። መስመሯ እንግሊዝኛ ናት። እትዬ ንቀሉ እንግሊዝኛ አታነብም፤ የዚህችን መስመር ትርጉም ግን በነዚህ ቀናት እንደ ገዛ ስሟ ለይታታለች። "የምነሣበት ዲስክ አላገኘሁም" ማለት ነው።

ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። አልተናደደችም። ሰኞ ተናዳለች፣ ማክሰኞ ከበሩ ጀርባ ቆማ አልቅሳለች፣ ለረቡዕ የተረፋት ነገር አልነበረም። እግሯን ከጫማዋ አውጥታ ሲሚንቶው ላይ አሳረፈችና የኮምፒውተር ጠጋኙ እስኪመጣ መስመሯን ቁጭ ብላ አየቻት።

እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው። እትዬ ንቀሉ ያሏት የዓይነ ስውራኑ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው። በየቀኑ ከሥራ መውጫ ላይ በየክፍሉ እየዞረች "ሶኬት ንቀሉ፣ ንቀሉ" ስትል ስለሚሰሟት ነው። የሌላውን ክፍል ነገር ዳይሬክተሯ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አስተዋታለች። የማተሚያ ክፍሉን ግን ማንም ሊያስተዋት አልቻለም። ሁሌም ማታ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቅላ፣ ገመዱን ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ባዶውን ቀዳዳ በመዳፏ ዳስሳ ነው የምትወጣው።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩ፣ ከጎኑ የብሬል ማተሚያው። ማተሚያው ቀለም አያውቅም። ወፍራም ወረቀት እየዋጠ ነጥብ በነጥብ እየወጋ ይተፋዋል፤ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው። እትዬ ንቀሉ ትምህርት ያላት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ በዓይኗ ስታነብ ትንገታገታለች፣ በጣቷ ስታነብ ግን የሚደርስባት የለም። ብሬል የተማረችው ከእህቷ ልጅ ጋር ነው። እህቷ ስትሞት ልጅቷ በእጇ ቀረች። ሰባት ዓመት ሲሞላት እዚህ ትምህርት ቤት ስታስገባት፣ ማታ ማታ የሚያስጠናት ስላልነበረ ነጥቦቹን እሷም አብራት ለቀመች። ከዚያ በጽዳት ተቀጠረች፣ ከጽዳት ወደ ማተሚያ ገባች።

የልጅቷ ጣቶች ወረቀት ላይ ከመሮጥ አያርፉም፣ ስለዚህ ከሕፃንነቷ ጀምሮ "ጉንዳን" ትላታለች። ጉንዳን ዘንድሮ የመጨረሻው ክፍል ናት። አምናም የመጨረሻው ክፍል ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነገ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሒሳብ ፈተና አለ፣ ሰባት ተማሪዎች ይቀመጣሉ። ፈተናው ማልዶ በፍላሽ ታሽጎ ይመጣል፣ ፈታኙ ከጎኗ ሆኖ እያየ ታትማዋለች። እስከ ሁለት ሰዓት ሰባቱ ቅጂ ካልደረሰ አንባቢ ይገባል። አንባቢ ማለት ጥያቄውን ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ዓይናማ ሰው ነው። ለታሪክ ትምህርት አንባቢ ምንም አይልም። ሒሳብ ግን ተመልሶ መዳሰስ ይፈልጋል፣ ከሰው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ አይሠራም። አምና ማተሚያው ተሰብሮ አንባቢ ገባ። ሰውዬው ጉሮሮው ደረቀ፣ ሰዓቱን አሥር ጊዜ አየ፣ "ይድገሙልን" ሲሉት "ሁለቴ አንብቤያለሁ" አለ። ከወደቁት አንዷ ጉንዳን ነበረች።

እሑድ ዕለት ጉንዳን ልብስ እያጠፈች፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ "አክስቴ፣ ዘንድሮ አንባቢ ከተባለ እኔ አልገባም" አለች። "በሰው ዓይን ሁለቴ አልወድቅም።"

"ትገቢያለሽ።"

"አልገባም።"

እትዬ ንቀሉ ልጅቷ ግትርነቱን ከማን እንደወረሰች ስለምታውቅ ልብሱን ማጠፍ አገዘቻት።

ጠጋኙ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ሃምሳ ያለፈው፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ነው። ኢንጂነር ሲሉት "ጠጋኝ ነኝ" ይላል፣ ስሙም ያው ሆኖ ቀረ።

"እንደምን አደሩ እትዬ። ተነሣ?"

"ተነሥቶ ቢሆን አንተን እጠራ ነበር?"

"ለሰላምታም ይጠሩኝ ይሆናል ብዬ ነው።"

"ሰላምታህን ሰኞ ጨርሼዋለሁ። ና ግባ።"

ጠጋኙ ቦርሳውን አስቀምጦ መስመሯን አየና ወንበር ፈለገ። ወንበር አንድ ብቻ ስለሆነ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

ጣጣው የጀመረው ቅዳሜ ነው። ከበላይ ቢሮ ደብዳቤ መጣ፤ የሁሉም ኮምፒውተር ማዘርቦርድ አፕዴት ይደረግ ይላል። እትዬ ንቀሉ ምን ማለት እንደሆነ ስትጠይቀው ጠጋኙ ደህና አድርጎ አስረድቷት ነበር። ሰው ጠዋት ሲነቃ የት ነኝ፣ ማነኝ፣ ጫማዬ የት ነው እንደሚል፣ ኮምፒውተርም ከመነሣቱ በፊት ራሱን የሚጠይቅባት ትንሽ ጽሑፍ ማዘርቦርዱ ላይ አለች። እሷ አርጅታለችና በአዲስ ትተካ ነው የተባለው። አሥራ አራቱ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ተተኩና ተነሡ። አሥራ አምስተኛው፣ የእሷው፣ ጫማው ጠፋው። ጠጋኙ ገብቶ ሲያየው፣ አዲሱ ጽሑፍ ዲስክ የሚፈልገው በአዲስ መንገድ ነው፣ ይህ ዲስክ ደግሞ በአሮጌው መንገድ የተሰናዳ ነው። ትእዛዝ የሚሰጥበትን ሰማያዊ ማውጫ ከፍቶ "በአሮጌው መንገድ ፈልግ" አለው። ተነሣ። ተጨባበጡና ተለያዩ።

ሰኞ ጠዋት የታዘዘውን ረስቶ አደረ። ጠጋኙ መጣ፣ መልሶ አዘዘው፣ ተነሣ፤ እትዬ ንቀሉም እንደ ልማዷ ሰዓቱን ሞልታ ወደ ሥራዋ ገባች። ማክሰኞ ጠዋት አሁንም ረስቷል። ጠጋኙ "አፕዴቱ ራሱ ተበላሽቶ ይሆናል" ብሎ ጽሑፏን እንደገና ጫነና እንደገና አዘዘው። ተነሣ፣ ሰዓቱ ተሞላ፣ ቀኑን ሙሉ እንደ በግ ሲታዘዝ ዋለ። ይኸው ረቡዕ።

"ቀን ቀን ይሠራል" አለ ጠጋኙ ለራሱ። "የሚሞተው ሌሊት ነው። ሌሊት ማን ይገባበታል?"

"ማን ይገባል? ቁልፉ እኔ ጋ ነው።"

"እርስዎን አልጠረጠርኩም።"

"ብትጠረጥር ይሻልሃል፣ ቢያንስ የምትይዘው ሰው ይኖርህ ነበር።"

ጠጋኙ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ከአፉ አላለፈም። የኮምፒውተሩን ጎን ፈታ። አቧራውን በብሩሽ ጠረገ። ሚሞሪዎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ጥርሳቸውን በእርሳስ ማጥፊያ ላጲስ ፈትጎ መለሳቸው። የዲስኩን ገመድ ቀየረ። ሌላ ዲስክ ሰክቶ ሞከረ፣ አወጣው። እትዬ ንቀሉ ባትሪ መብራት ይዛ አናቱ ላይ ቆማ ዋለች። ክንዷ ሲዝል በሌላው ትይዛለች። ምሳ ሰዓት ላይ ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ብቅ ብላ ሁለቱንም አየቻቸው።

"አንባቢዎች ልጥራ?" አለች።

"አይጠሩም" አለች እትዬ ንቀሉ።

"ሦስት ሰዎች ለማንኛውም ይምጡ ብያለሁ። ኮሪደር ላይ ይቀመጣሉ። ካላስፈለጉ ይሄዳሉ።"

"ወንበር ባያሞቁ ይሻላቸዋል።"

ዳይሬክተሯ በሩን ገርበብ አድርጋ ሄደች። እሷም ደክሟታል።

አሥር ሰዓት ላይ ጠጋኙ ገጣጠመው። ሰማያዊው ማውጫ ውስጥ ገብቶ ያቺኑ ትእዛዝ ለአራተኛ ጊዜ ሰጠ። ኮምፒውተሩ ያለ አንዳች ጭቅጭቅ ተነሣ። ማንም ደስ አላለውም። ለአራተኛ ጊዜ የመጣ ደስታ ማን ያምነዋል?

በዚህ መሐል የሒሳብ መምህሩ ዱላውን ግድግዳው ላይ እያንኳኳ ገባ። እሱም ዓይነ ስውር ነው፣ ተማሪዎቹ ጋሼ ቁጥር ይሉታል፣ የማተሚያው ነጥብ ጥልቀት ትክክል መሆኑን ከፈተና በፊት ሁልጊዜ የሚፈትሸው እሱ ነው። እትዬ ንቀሉ ካለፈው ዓመት አንድ የልምምድ ገጽ ቶሎ አተመችና በእጁ አስያዘችው።

ጋሼ ቁጥር ካርቶኑ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ጣቶቹ ከላይ ወደ ታች ወረዱ። ከታች ጥግ ላይ፣ ማተሚያው በራሱ ቀን የሚጽፍበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ደግሞ ዳሰሰው።

"በዚህ ወረቀት መሠረት" አለ፣ "እኔ ገና አላገባሁም።"

"ምን አሉ ጋሼ?"

"ቀኑ። አሥራ አንድ ዓመት ወደ ኋላ መልሶኛል። ባለቤቴ ብትሰማ ደስታዋ ነው፣ ሐሳቧን የምትቀይርበት ጊዜ ታገኛለች።"

"አይ፣ ሰዓቷን መሙላት ረስቼ ነው" አለች እትዬ ንቀሉ። "ልቤ የት አለ ዛሬ። አምጡት፣ ሞልቻት ሌላ አትማለሁ።"

ጠጋኙ ካቻቪቴዎቹን ወደ ቦርሳው እየከተተ ነበር። እጁ ባለበት ቆመ።

"ምንድን ነው የሚሞሏት?"

"ሰዓቷን ነዋ። የኮምፒውተሯን ሰዓት።"

"መቼ መቼ?"

"ጠዋት ጠዋት። ሰዓት መቼ ነው የሚሞላው?"

"በየቀኑ?"

"ምን ሆነሃል? በየቀኑ። መጀመሪያ እሰካታለሁ፣ ትነሣለች፣ ቀኑንና ሰዓቱን እሞላላታለሁ፣ ከዚያ ሥራ። ድሮ አትፈልግም ነበር፣ ሁለት ዓመት ይሆናታል፣ አረጀችና ጊዜ መያዝ አቃታት። አባቴም የግድግዳ ሰዓት ነበረው፣ ጠዋት ጠዋት በቁልፍ ይሞላው ነበር። ያልሞሉት ሰዓት ይቆማል።"

ጠጋኙ መነጽሩን አወለቀና ዓይኖቹን በሁለት መዳፎቹ አሸ። ብዙ ቆየ። ጋሼ ቁጥር ዝምታው ስለረዘመበት "ሰውዬው ሄደ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ።

"አለሁ። እትዬ፣ የኮምፒውተር ሰዓት አይሞላም።"

"እኔ ሁለት ዓመት ሞልቻለሁ።"

"እሱን ነው የምልዎት። ውስጧ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች። ሥራዋ አንድ ነው፤ ገመዱ ሲነቀል፣ ሰዓቱንና የታዘዘውን ነገር እስከ ጠዋት ይዛ ማደር። ያቺ ባትሪ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው ማለት ነው። እርስዎ ማታ ማታ ሶኬቱን ይነቅላሉ?"

"ስሟ ማን ሆነና ነው የምትጠይቃት?" አለ ጋሼ ቁጥር።

ጠጋኙ ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጣሪያውን አየ። "እንግዲህ እንዲህ ነው" አለ። "እርስዎ ሲነቅሉ ሁሉን ትረሳለች። ድሮም ትረሳ ነበር፤ ግን አሮጌው ጽሑፍ ምንም ሳይታዘዝም ዲስኩን በአሮጌው መንገድ ስለሚፈልግ የሚጠፋው ሰዓቱ ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ እርስዎ ሞሉት። አዲሱ ሲመጣ፣ የሚረሳው ነገር ዲስኩ ሆነ። ሠላሳ ዓመት ጠግኛለሁ። አራት ጊዜ አዝዤ አስነሣሁት፣ ላጲስ ይዤ ስፈትግ ዋልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ፣ ጠዋት ምን ያደርጋሉ ብዬ አልጠየቅኩም።"

"ጠይቀኸኝ ቢሆን እነግርህ ነበር።"

"አውቃለሁ እትዬ።"

"እኔማ ሁሉም ሰው የሚያደርገው መስሎኝ።"

ጋሼ ቁጥር ሳቁን ለመያዝ ሳል ሳለ። እትዬ ንቀሉ አልሳቀችም፤ ፊቷ ግን ትንሽ ፈታ አለ። የበሽታውን ስም ማወቅም አንድ ነገር ነው።

"በል ባትሪዋን ቀይራት።"

"ቦርሳዬ ውስጥ የለችም። የምትገኝበት ሱቅ ሩቅ ነው፣ አሁን ደግሞ ዘግቷል። ነገ በጠዋት እናቴን ለዓይን ሞራ ሆስፒታል አስገባለሁ፣ ሦስት ወር የጠበቅነው ተራ ነው። ዓርብ ይዤ እመጣለሁ። ለዛሬ ግን መላው ቀላል ነው። አይንቀሉ። እንደተሰካ ይደር፣ ጠዋት እንደተዉት ያገኙታል።"

"አይሆንም።"

"አንድ ሌሊት ነው።"

"አይሆንም አልኩ።"

"እትዬ፣ የልጅቷን ነገር..."

"የልጅቷን ነገር እኔ ነኝ የማውቀው።" ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አገኘችና ገባችበት፣ የምትሄድ ይመስል። ግን አልሄደችም። "ጋሼ፣ ጓሮ ያለው አሮጌው ክፍል ሲቃጠል እርሶ ነበሩ።"

"ነበርኩ።"

"ሽቦ አርጅቶ ነው ተባለ። ወረቀትም ተጻፈበት፣ ሽቦ አርጅቶ ነው ተብሎ።"

"አዎ።"

"ሽቦ አይደለም። ያኔ ጽዳት ነበርኩ። ዝናብ ነበር፣ የብሬል ወረቀቱ እርጥበት ስቦ ነበር። ይድረቅ ብዬ ማሞቂያውን ሰክቼ፣ አንድ ሌሊት ነው ብዬ ሄድኩ። ስምንት ዓመት ሆነው። እርሶ በእጅዎ የወጉት መጽሐፍ ሁሉ እዚያ ነበር።"

ጋሼ ቁጥር የያዘውን ወረቀት ሁለት ላይ አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው።

"ሦስተኛው መጽሐፍ ስሕተት የበዛበት ነበር" አለ በመጨረሻ። "እሳት ባይበላው እኔ እጥለው ነበር።" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "የመጀመሪያው ግን ጥሩ ነበር" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ጥሩ ነበር።"

ጠጋኙ ቦርሳውን ዘግቶ ከፈተው። ይህች ሴት ሶኬት ተሰክቶ አድሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር እንደማይወስዳት፣ ከእኩለ ሌሊት በፊትም መጥታ እንደምትነቅለው ገባው።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አለ።

"አስተምረኝ።"

"ማውጫው እንግሊዝኛ ነው። አንዷን ቁልፍ ያለ ቦታዋ ቢነኩ..."

"አራት ጊዜ ስትነካ አይቻለሁ። እኔ ስክሪኑን አላይም፣ ጣትህን ነው የማየው። መጀመሪያ ዳር ያለችውን ቁልፍ ደጋግመህ ትመታለህ። ከዚያ ቀኝ ሦስት ጊዜ። ታች ሁለት፣ ወይ ሦስት።"

ጠጋኙ ቀና ብሎ አያት። "ሁለት" አለ።

እትዬ ንቀሉ ከመሳቢያዋ የብሬል መጻፊያ ሰሌዳዋንና ወስፌዋን አወጣች። እሱ እየተናገረ እሷ እየወጋች ጻፈችው። ዳር ያለችው ቁልፍ፣ ማውጫው እስኪመጣ። ቀኝ ሦስት። ታች ሁለት። ግባ። ላይ አንድ። ግባ። ኤፍ አሥር። ግባ። የኢንተሯን ቁልፍ "ግባ" አሏት፤ ሁሉም አንድ መስመር ከግማሽ ሆነ። ጠጋኙ ኮምፒውተሩ ወዲያው እንዲረሳ የሞተችውን ባትሪ በካቻቪቴ ጫፍ ፈንቅሎ አወጣና፣ ለልምምድ ገመዱን ነቅሎ ሰካላት። በመጀመሪያው ታች ሦስት ጊዜ ሄደች፣ ነጯ መስመር መጣችባት። በሁለተኛው ተነሣ። በሦስተኛውም ተነሣ።

"አንድ ነገር" አለ ጠጋኙ በሩ ላይ ሆኖ። "ከተነቀለ በኋላ ሲነሣ ይቆያል። ስክሪኑ ጨልሞ ይቆያል፣ አንዳንዴ ደቂቃ ያልፋል። ሞተ ብለው እንዳይገድሉት። እስከ መቶ ይቁጠሩ።"

"መቶ ድረስ እችላለሁ። አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ።"

"ለእናቴ ይጸልዩላት።"

"አንተም ለኔ።"

ሲወጡ ሶኬቱን ነቀለች። ጋሼ ቁጥር ከኮሪደሩ ሆኖ የመነቀሉን ድምፅ ሰማና ዱላውን አንዴ መሬት ላይ መታ፤ እሺ እንደማለት።

ሐሙስ ማልዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስትደርስ ፈታኙ ቀድሟት በሩ ላይ ቆሟል። ረጅም፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ፖስታውን በብብቱ የያዘ ሰው ነው። ኮሪደሩ ላይ ሦስቱ አንባቢዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ከዳር ያለው የአምናው ነው። ጉሮሮውን ሲጠርግ አወቀችው። ፈታኙ እሷን ካስገባ በኋላ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። የተፈታኝ አክስት ስለሆነች ፈተናው እስኪጀመር ከማንም ጋር አትገናኝም፤ እሷም ተስማምታ ፈርማለች።

ሰካችው። ቁልፉን ተጫነች። ማራገቢያው ተነሣ፣ ስክሪኑ ጨለመ። መቁጠር ጀመረች።

"አይሠራም?" አለ ፈታኙ።

"ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት።"

"ይቅርታ፣ አይሠራም ወይ?"

"ሃያ አምስት። እየቆጠርኩ ነው ጌታዬ።"

ስልሳ ሦስት ላይ ሳትዘጋጅ ብልጭ አለ። እጇ ወደ ዳሯ ቁልፍ እስኪሄድ ጊዜው አለፈና ነጯ መስመር ቁጭ አለች። አጠፋችው። ፈታኙ ሰዓቱን አየ፣ እሷ ግን አላየችውም፤ አምና ሰዓት የሚያይ ሰው ምን እንዳደረገ ታውቃለች።

እንደገና አስነሣችው። አሁን ጨለማው ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምራ ቁልፏን ትመታ ጀመር፣ እንደ በር አንኳኪ፣ ሳትቸኩል። ግራ እጇ ወረቀቷ ላይ ነበር። ስልሳ ላይ ሰማያዊው ማውጫ መጣ። ዓይኗን ከስክሪኑ አነሣች። ነጥቦቹን በግራዋ እያነበበች በቀኟ ተጫነች። ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ። ታች፣ ታች። ግባ። ላይ። ግባ። ኤፍ አሥር ላይ ጣቷን አሳርፋ አንዴ ተነፈሰች። ግባ።

ጨለመ። እንደገና ከአንድ ጀመረች። አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት። ኮሪደሩ ላይ የአምናው አንባቢ አሁንም ጉሮሮውን ጠረገ። ሰባ ሳይደርስ የምታውቀው ሥዕል፣ የምታውቃቸው ትናንሽ ምልክቶች ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ተሰቀሉ።

ፈታኙ ፖስታውን ቀደደ። ፍላሹን ሲያቀብላት አልተቀበለችውም። ጥጉ ላይ ያለውን ሰዓት ከፍታ የእጅ ሰዓቷን እያየች ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ታስተካክል ነበር።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"ሰዓት እየሞላሁ።"

"ጊዜ የለንም።"

"ለዚህ አለን። ቀኑ ወረቀቱ ላይ ይወጣል፣ ልጆቹ ያነቡታል።"

ከዚያ ማተሚያው በረዶውን አወረደው። ገጽ በገጽ ሲወጣ በጣቷ ጫፍ ሳታነበው ጥልቀቱን ብቻ ትነካለች፤ ፈታኙ እጇን ያያል። አንዴ ወረቀት ተቀረቀረ፣ ስባ አውጥታ መለሰችው። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሰባተኛው ቅጂ አለቀ። ፈታኙ ቆጠረ፣ አሸገ፣ በሩን በጥቂቱ ከፍቶ ውጭ ላሉት "መሄድ ትችላላችሁ" አላቸው።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ የአምናው አንባቢ። "ጉሮሮዬን ከትናንት ጀምሮ ይዞኛል።"

እትዬ ንቀሉ ሰማችው። ልትጠላው ፈለገች፣ ጉልበት አጣች።

ሦስት ሰዓት እስኪሆን ተቆልፎባት በመስኮቱ አየች። ከግቢው ማዶ ያለው ክፍል በሩ ክፍት ነው። ተማሪዎቹ አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዞ መጡ። ጉንዳን መጨረሻ ናት። በሩ ላይ ስትደርስ ከፊቷ ያለውን ትከሻ ለቀቀችና ቆመች። አንድ ነገር ጠየቀች። ጋሼ ቁጥር ከውስጥ ብቅ ብሎ የሆነ ነገር መለሰላት። አሁንም አልገባችም። እትዬ ንቀሉ መስኮቱን በመዳፏ ደግፋ "ግቢ" አለች፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ። "ግቢ አንቺ ልጅ፣ ግቢ።"

ልጅቷ እጇን ወደ ክፍሉ ዘረጋች፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያውን ገጽ ዳሰሰች። ጣቶቿ ሄዱ። ከዚያ ገባች።

ስትወጣ ስድስት ሰዓት አልፏል። አክስቷን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት፣ እግሯን ከጫማዋ አውጥታ።

"እንዴት ነበር?"

"አራተኛው ጥያቄ ከባድ ነው። የሠራሁትም አይመስለኝም።" ጉንዳን ዱላዋን አጥፋ አጠገቧ ተቀመጠች። "ግን ከባድ መሆኑን ራሴ ነኝ ያነበብኩት። አምስት ጊዜ።"

"አምስት ጊዜ?"

"ማን ሊከለክለኝ?"

እትዬ ንቀሉ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፣ ዛሬ ሌላ የሚታተም የለም፣ ወደ ማተሚያ ክፍሉ ተመለሰች። ኮምፒውተሩ በርቷል፣ ሰዓቱም ልክ ነው። ነገ ጠዋት ባትሪዋ እስክትመጣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቀኝ ሦስት፣ ታች ሁለት ማለት ሊኖርባት ነው። አጠፋችው፣ ሶኬቱን ነቀለች፣ ቀዳዳውን በመዳፏ ዳሰሰች።